አባት ቆጣሪው ኦቦ ገርባ

አባት የሚቆጥር ሽማግሌ የሌለበት ሰፈር አዳማ ውስጥ ፈልጋችሁ አታገኙም። የእኛው ክቡር ኦቦ ገርባ ይባላሉ። ባጃጅ ሲሳፈሩ ሾፌሩን "የማን ልጅ ነህ?" ይሉታል፤ ሰባት ቤት ሳያስቆጥሩት አይወርዱም። አንዴ ሞጆ ደረቅ ወደብ በር ላይ ከአንድ ሾፌር ጋር ዝምድና ሲያጣሩ፣ ከኋላ የቆሙት ከባድ መኪኖች በጥሩንባ አገሩን አናወጡት። እሳቸው ገና አምስተኛው አባት ላይ ነበሩ። እናቱን ለመጥራት የሞከረማ ወዮለት! "እናት እንግዳ ናት፤ ዘር ማለት አባት ነው!"

አምና የሴት ልጄ ልጅ ኢሊያስ ለእጮኛው ለአያንቱ ቀለበት ባሰረ በወሩ ዓይኑ ይደበዝዝበት ጀመር። ምንም ሳያመው፣ መጀመሪያ አንዱ፣ ቀጥሎ ሌላው። ሐኪሟ ደሙን አስመርምራ፣ "በእናትህ ወገን በወጣትነቱ ዓይኑ የጠፋ ሰው አለ?" አለችው። በእናቴ አገር በቡልቡላ ይኖር የነበረው ወንድሜ አለ። እኛ ምች መታው ስንል ኖረናል። ለካስ በሰውነታችን ውስጥ ጉልበት የምታመነጭ ማይቶኮንድሪያ የምትባል ረቂቅ ነገር አለች። የራሷ ዲኤንኤ አላት፤ የኢሊያስ ዓይን ሕመም የመጣው ከዚያ ጉድለት ነው፤ የምትወረሰውም ከእናት ብቻ ነው። ከእኔ ለልጄ፣ ከልጄ ለእሱ። ያን ቀን እህል አልቀመስኩም።

የአያንቱ አባት ጉተማ ይህን ሲሰሙ፣ "ዓይነ ስውር የልጅ ልጅ አልፈልግም" ብለው ቀለበቱን ሊያስመልሱ ተነሡ። ለሽምግልና ከኦቦ ገርባ በቀር ማንን እንላክ? ሐኪሟ ያለችውን ስነግራቸው ከዘራቸውን መሬት ላይ ሲያሽከረክሩ ቆዩ።

"አባት ምንም አያወርስም ነው የሚሉኝ?"

"በዚህስ ምንም።"

"ወይ ጉድ!"

ጉተማ ቤት አብረን ተቀምጠን ሳለ ግን ኦቦ ገርባ ተነሥተው ቆሙ። "ስማ ጉተማ፣ ዕድሜዬን ሙሉ አባት ስቆጥር ኖሬአለሁ። ይኼ በሽታ ግን አባት አያውቅም! ኢሊያስ ለልጆቹ ላውርስ ቢልም አይችልም። የምትወልደው አያንቱ ናት፤ ልጆቿም በዚህ ነገር የሚወስዱት የእሷንና የእናቷን ነው። የእናቷን ዓይን ጤንነት እንደሆነ አትጠራጠር፤ ይኸው ሚስትህ ከጓዳ ሆና ትገላምጠኛለች።"

ጉተማ ሳቃቸው አመለጣቸው። ሠርጉም ቀረ የሚል ጠፋ።

በእግር ስንመለስ ኦቦ ገርባ ወደ እኔ ዞር አሉ። "እትዬ ዘመናይ፣ እናትዎ ማን ይባላሉ?" አሉኝ።

እስከዚያ ቀን ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። "ሸጊቱ።"

"የሸጊቱስ እናት?"

"ዲንቄ።"

"የዲንቄስ?"

አላውቅም። ኦቦ ገርባ መሀል መንገድ ላይ ቆመው ራሳቸውን ነቀነቁ። "ቡልቡላ ላይ የዲንቄን እናት የሚያውቅ ሰው አይጠፋም" አሉ።

በማግስቱ ማለዳ መናኸሪያ ወረዱ። ስንቁን የቋጠርኩላቸው እኔ ነኝ።