የብረት ቀማሹ ሊቅና ሳንቲም በሊታዋ ማሽን

በየከተማው የዕቃን የትውልድ አገር የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። ሚስማር አሳዩት፣ አገሩን ይነግራችኋል፤ ሳትጠይቁት ደግሞ የአያቱን አገር ይጨምርላችኋል። የመቱ ከተማው ሊቀ ብረታት ጋሼ ዲበኩሉ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ፖስታ ቤት ጥቅል ሲለዩ ኖረው ጡረታ ወጡ፤ አፍንጫቸው ግን አልወጣም።

ከሀምዱ ሱቅ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጠው የገባውን ዕቃ ሁሉ በጥፍራቸው ያንኳኳሉ፣ ያሸታሉ፤ ብረት ከሆነ በምላሳቸው ጫፍ ይቀምሱታል። ከዚያ ፍርድ ይሰጣሉ። «የቼክ ብረት ነው፤ ጣዕሙ አይደበቅም!» ሀምዱም ለወጉ ያህል «ዱጋ ነው፣ እውነት ነው ጋሼ» ይላል። አንዴ የሁሩሙ ገበሬ የያዘውን ማጭድ «ስዊድን» ቢሉት፣ ሰውዬው ራሱ እንደቀጠቀጠው ለመናገር አፍሮ ውልቅ አለ።

ታዲያ አምና ሀምዱ ጎሬ ላይ ከሚፈርስ አሮጌ ቤት አንዲት የጨዋታ ማሽን ገዝቶ መጣ። ሳንቲም ትጎርሳለች፤ እጀታዋን ሲስቡት ኳስ ታስፈነጥራለች። ጽሑፍ የሚባል የለባትም። ሀምዱ አገሯን በሰሌዳ ጽፎ ከሱቁ ፊት ሊያቆማት ቋመጠ።

ጋሼ ዲበኩሉ ሦስት ቀን ዞሯት። በአራተኛው፣ ገበያው በሞላበት ሰዓት፣ አስገለበጧትና ከሥሯ ያሉትን ሦስት ጭረቶች በጣታቸው መቱ።

«እንግሊዝ! ይሄ የፋብሪካ ምልክት ነው። በመርከብ የባሮን ወንዝ ይዛ ጋምቤላ፣ ከዚያ በበቅሎ ጎሬ! እንዲህ ያለ ሳጥን ከዚህ አገር እጅ ከወጣ፣ ሁለተኛ እዚህ በርጩማ ላይ አልቀመጥም!»

ከገበያተኛው መሐል የጎሬዋ አዴ ተጂቱ ሳቃቸው አመለጣቸው።

«ኧረ ጋሼ! ሳጥኑማ የአባቴ የዲንቃ ሥራ ነው። የድሮውን ሳጥን ምስጥ ቢበላው ለማሽኗ ባለቤቶች በዋንዛ ሠራላቸው። ከሠራው ሁሉ ሥር ሦስት ጭረት አለ፤ አልጋዬም አለው። የብረቱን አገር ግን እሱም አያውቅም ነበር።»

ገበያው አውካካ። ጋሼ ባርኔጣቸውን አንሥተው ሄዱ።

ሀምዱ መጀመሪያ ጆሮዬ አረፈ አለ። በሳምንቱ አዲስ ካርቶን ከፍቶ፣ ምን እንደሚጠብቅ ሳያውቅ ቆመ። ዕቃው ሁሉ አገር አልባ ሆነበት። ደንበኛ «የየት ነው?» ቢለው «የካርቶን» አለ። በማግስቱ ሱቁን ዘግቶ ጋሼ ቤት ሄደ።

«ምያለሁ» አሉት ገና ከበሩ።

«የማሉት በበርጩማው ነው ጋሼ። እኔ ወንበር ገዝቻለሁ።»

«ሂድ፣ ተጂቱን ጠይቃት!»

«እሳቸው የሚያውቁት እንጨት ነው። እኔን የቸገረኝ ብረት ነው።» ከኪሱ ጓጉንቸር አወጣና፣ ከእጁ ሳይለቅ ወደ አፍንጫቸው አስጠጋው።

ጋሼ ፊታቸውን አዞሩ። መለሱት። አሸተቱ። በምላሳቸው ጫፍ ነካ አደረጉት፤ ዓይናቸው በራ።

«ጀርመን!»

«ዱጋ ነው ጋሼ» አለ ሀምዱ፣ «ቻይና» የሚለውን ጽሑፍ በአውራ ጣቱ ጥብቅ አድርጎ እንደሸፈነ።