የሴቶቹ ፎቶ ቁልፍ

«እኛ በደርግ ጊዜ ፎቶ የምናስቀምጠው አፈር ውስጥ ነበር» ብላኝ ነበር እናቴ፣ ገና ልጅ ሳለሁ። አሰሳ መጣ በተባለ ቁጥር የአጎቴን ፎቶዎች በወተት ጣሳ ከተው ጓሮ ይቀብሩ ነበር አሉ። መቼም ሰው ፎቶ የሚነሳው ለመታየት ነው ይባላል፤ እኔ ግን እንጃ። ከተነሳነው በኋላ ያልተፈለገ ዓይን እንዳያየው ስንደብቀው አይደል የምንኖረው? የእናቴ ዘመን መሬት ቆፈረ፤ የእኔ ዘመን ክላውድ ላይ ሰቀለ። ክላውድ ማለት ደመና ነው ሲሉኝማ ደነገጥኩ። የድሬዳዋ ሰው ደመና ሲያይ ጎርፍ ፈርቶ ዕቃውን ከደቻቱ ወንዝ ዳር ያነሳል እንጂ ለደመና አደራ ይሰጣል እንዴ?

ከዘጠነኛ ክፍል አቋርጬ ያገባሁ፣ የስምንት ወር ልጅ እናት ነኝ። መጋላ ሰፈር ያለው ፎቶ ቤት የቀጠረኝ ጎበዝ አንሺ ሆኜ ሳይሆን ሴት ስለሆንኩና ብዙ ስለማላወራ ነው። በሰርግ ጊዜ የሴቶቹን ጭፈራ፣ የፀጉር መሸፈኛው ጉፍታ ከራስ ላይ የሚወርድበትን ሰዓት፣ የማነሳው እኔ ነኝ። የአንዲት ሙሽራ አክስት፣ አዴ ዘሃራ፣ ጣቷን ቀስራ «ስሚ እህቴ፣ የወንድ ዓይን ካረፈበት ወላሂ አንቺንም ፎቶ ቤቱንም አልምርም» ብላኛለች።

የሱቁ ኮምፒውተር ስለሞላ ባለሙያው ኡስማን ቨርቹዋል ሰርቨር ተከራየልን። ይኸውም ሩቅ አገር የሚኖር፣ በእጅ የማይነካ፣ ሊኑክስ በሚባል ሥርዓት የሚታዘዝ ኮምፒውተር ነው። ፎቶው ግን እሱም ላይ አይቀመጥም። ክላውድ ላይ ሌላ ግምጃ ቤት አለው፤ የሰርቨሩ ፎልደር በሩ ብቻ ነው። ተከራዩ ራሱ ሌላ መጋዘን ተከራየ ማለት ነው! እኔም ተማምኜ የካሜራውን ካርድ አጥፍቼ ሌላ ሰርግ አነሳሁበት።

አዴ ዘሃራ ከአስር ሰላት በኋላ የአልበም ፎቶ ልትመርጥ በቀጠረችበት ቀን፣ ቀትር ላይ ፎልደሩን ብከፍተው ባዶ። አንዲት ፎቶ የለም! ሰርቨሩ ጠዋት ለጥገና ጠፍቶ ሲበራ ከግምጃ ቤቱ ጋር ያለው ግንኙነት ተቋርጦ ኖሯል። ኡስማን ጋ ደወልኩ። በድሬ በዚህ ሰዓት ሰውን ከጫት በርጫ ማስነሳት ከንጉሥ ዙፋን ማስነሳት ነው። «አቦ፣ ምርቃናዬን!» አለኝ። ደግ ነውና ግን «የሰርቨሩን ፓስወርድ ላኪልኝ፣ እኔው ገብቼ አስተካክለዋለሁ» አለ። አዴ ዘሃራ ካስጠነቀቀችኝ ቀን ጀምሮ ፓስወርዱን ቀይሬዋለሁ። እሱ ገብቶ በሩ ሲከፈት ሴቶቹን ቢያይስ? «አንተ አትግባ፤ ንገረኝና እኔ ልጻፍ» አልኩት። «ምን ደብቀሽ ነው ሴትዮ፣ ወርቅ?» ብሎ ሳቀ። አብረውት የሚቅሙትም ሳቁ።

ልጄን በግራ ክንዴ ታቅፌ የሚለኝን ትእዛዝ በአንድ ጣት ኪቦርዱ ላይ ጻፍኩ። ለመገናኘት የግምጃ ቤቱ ቁልፍ ያስፈልጋል። ቁልፉ ረጅም የፊደልና የቁጥር ሰልፍ ነው፤ በትንሽ ፋይል ጽፌ አስቀመጥኩት። ማሽኑ እምቢ አለ። ደገምኩ፤ እምቢ። ኢንተርኔት ላይ አንድ ሰው «ሁሉን ነገር ለሁሉም ክፈቱት፣ ይሠራል» ይላል። በጭንቀቴ ልከፍተው ጣቴን ዘርግቼ ነበር። ኡስማን «የሚልሽን አንብቢልኝ እስቲ» አለ። ፊደል በፊደል አነበብኩለት። «ቁልፉን የጻፍሽበት ፋይል ለሌላ ሰውም ይነበባል። ቁልፍሽን ሌላ ዓይን ሊያየው ከቻለ አልገናኝም ነው የሚልሽ» አለኝ።

ለካ ሩቅ አገርም አዴ ዘሃራ አለች! እኔስ ሁሉን ልከፍትላት አልነበር?

ከባለቤቱ በቀር ማንም እንዳያነበው የሚያደርገውን ትእዛዝ አስጻፈኝ፤ በሩ ተከፈተ። መጀመሪያ ብቅ ያለችው ራሷ አዴ ዘሃራ ነበረች፣ ጉፍታዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ዓይኗን ጨፍና ስትጨፍር። ኡስማን በስልክ የሚያያት ይመስል ስክሪኑን በነጠላዬ ሸፈንኩት።

በሰዓቷ መጣች። «ወንድ አላየውም?» አለች ሳትቀመጥ። «አላየውም፣ አዴ» አልኳት። አየች፣ ሳቀች፣ እንባዋ መጣ። «ይቺን ጭፈራዬን ላኪልኝማ፣ ለአፎሻ ማኅበራችን ሴቶች ላሳያቸው» አለች። ላክሁላት። አውራ ጣቷን ስልኳ ላይ አንዴ አሳረፈች፤ ወዲያው ፊቷ ተለወጠ። «ያ ረቢ!» የላከችው ለሴቶቹ ማኅበር ሳይሆን ወንድሞቿ፣ አማቾቿና የሰፈሩ ሽማግሌዎች ላሉበት የቤተዘመድ ግሩፕ ነው።

ስልኩን ከእጇ ወስጄ ፎቶውን ከሁሉም ዘንድ አጠፋሁት። ማን እንዳየው አላየሁም፤ ላይም አልፈለግኩም። ስክሪኑን ወደ ታች አድርጌ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋሁና፣ የአልበሙ ሽፋን ቀይ ይሁን አረንጓዴ ብዬ ጠየቅኋት።