ያልመረጠችው አስመራጭ

ጅግጅጋ ላይ አንድ ሰው ወንበር ባገኘ ማግስት ዘመዶቹ ይበዛሉ። ይህን በክፋት አላልኩትም። እኔ እዚሁ ተወልጄ ያደግኩ፣ አባቴ በወታደርነት መጥቶ በዚያው የቀረ፣ ዘር ቁጠር ብትሉኝ ከሦስተኛው አያት በላይ የማልዘልቅ ሰው ነኝ። ሶማሌ ጎረቤቶቼ ግን አሥራ ምናምን አያት ሳይተነፍሱ ይደረድሩላችኋል። እንግዲህ ይህን ያህል አያት ያለው ሰው ሲሾም፣ በእያንዳንዱ አያት በኩል የሚመጣውን እንግዳ እናንተው ገምቱት። ውሃ ላይ የተሾመ ቧንቧ ይጠየቃል፤ መሬት ላይ የተሾመ ቦታ ይጠየቃል። ምርጫ ላይ የተሾመስ ምን ይጠየቃል? ከሂቦ ጋር እስክሠራ ድረስ እኔም አላውቅም ነበር።

ኃላፊዬን በስሟ ብቻ በመጥራቴ እንዳትታዘቡኝ። በመጀመሪያው ሳምንት «ወይዘሮ ሂቦ፣ እርስዎ» ስላት እስክሪብቶዋን አስቀምጣ፣ «አቶ ታደሰ፣ በእኛ ቋንቋ አንቱ የለም፤ አንቺ በለኝ፤ እኔም አንተ እልሃለሁ፤ ሥራው ይፈጥናል» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ፈጠነ።

ሂቦ የክልሉ ምርጫ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ከመሆኗ በፊት የትምህርት ቤት መዝገብ ያዥ ነበረች። በአንድ ክፍል ስድስት መሐመድ አብዲ በሚቀመጥበት ከተማ መዝገብ መያዝ ቀልድ አይደለም። እሷ ግን ስድስቱንም በአያታቸው፣ በእናታቸው፣ እሱም ካልሆነ «ግራኙ»፣ «ረጅሙ» በሚለው ቅጽል ስማቸው እየለየች፣ የአንዱን ውጤት ለሌላው ሳትሰጥ ዓመታት ኖረች። ለውጥ መጣ በተባለ ማግስት ጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ ሲፈልግ አመለከተች። ያኔ ቦታውን የሚሻማ አልነበረም፤ ቢሮው ውስጥ ከወንበር ይልቅ ካርቶን ይበዛ ነበር። መጀመሪያ አሠልጣኝ ሆነች፤ ቀጥሎ አስተባባሪ፤ በመጨረሻ ኃላፊ። እኔ ማኅደር ክፍል ውስጥ ሆኜ ስትወጣ አየኋት። ስትወጣ ደግሞ ማንንም ስትረግጥ አላየሁም፤ ይህን በቢሮ ኑሮ ያለፈ ሰው ዋጋውን ያውቀዋል።

ደምበል ወረዳ ላይ ያደረገችውን አልረሳውም። ዛፍ ሥር ካርቶን አቁማ፣ ድምፅ የሚሰጠው ከዚህ ጀርባ፣ ለብቻ ነው እያለች ታስተምራለች። አንዲት አሮጊት እጃቸውን አወጡ።

«ባሌ ያየኛል?»

«አያይሽም።»

«አንቺስ?»

«እኔም አላይሽም።»

«አላህስ?»

«እሱን ካርቶን አይከልለውም» አለች ሂቦ፤ «ግን ለባልሽ አይነግረውም።»

ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። ወንዶቹ ጥቂት ቆይተው ሳቁ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ባለፈው ምርጫ የመራጮች ምዝገባ የሚዘጋበት ቀን ሀርሺን ወረዳ ነበርን። ሂቦ የመጨረሻውን ቀን ከከተማ ራቅ ብላ ማሳለፍ ትወዳለች፤ ስህተት የሚበዛው እዚያ ነው ትላለች። ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን መዝገቡን ተቀብላ ከመጨረሻው ስም ሥር መስመር አሰመረችና ፈረመች። ያኔ አቧራው ገና ከሩቅ ይታይ የነበረ አንድ አይሱዙ ደርሶ የቆመው ሃያ ደቂቃ ካለፈ በኋላ ነው። ከላዩ አምስት አርብቶ አደሮች ወረዱ። ከፊት የነበሩት አቶ ሮብሌ፣ የእናቷ ወንድም ናቸው። አብቲ ነው የምትላቸው፤ በሶማሊኛ የእናት ወንድም እንዲያ ይጠራል። አባቷ በልጅነቷ ሲሞት ወስደው ያሳደጓት፣ ግመል ሸጠው ጅግጅጋ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው።

«ሂቦይ፣ ውሃው ርቆብን ነው። ከብቱን ለማን ጥለን እንምጣ? ጻፊን።»

«አብቲ፣ ተዘግቷል።»

«መዝገቡ ይኸው በእጅሽ ነው!»

«ተፈርሟል።»

ሰውዬው ወደ እሷ ጠጋ አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሂቦ ብዬ ስም ያወጣሁልሽ እኔ ነኝ። አንቺ ደግሞ የኔን ስም መጻፍ አቃተሽ?» አሉ።

እኔ ብሆን ጽፌ ነበር። በሐቅ ልናገር፤ አምስቱንም፣ ሹፌሩንም ጨምሬ እጽፍ ነበር። እሷ ግን መዝገቡን በላስቲክ ጠቅልላ ለወረዳው ኃላፊ አስረከበች። አቶ ሮብሌ ሰላምታ ሳይሰጧት ተመልሰው መኪናው ላይ ወጡ።

ወደ ጅግጅጋ ስንመለስ ሐርትሼክ የምትባለውን ከተማ አለፍን። ከዚያ ፊቷን ወደ እኔ መለሰችና፣

«አቶ ታደሰ፣ እኔ እኮ አልተመዘገብኩም» አለች።

ቀልድ መስሎኝ ነበር። አልነበረም። ምዝገባው ከተጀመረ ጀምሮ ዛሬ ሸደር፣ ነገ ደምበል፣ ከነገ ወዲያ ሀርሺን ስትል፣ ሰፈሯ ጅግጅጋ ያለው ምርጫ ጣቢያ ሄዳ ካርድ የምታወጣበት ቀን አጥታለች። የክልሉን ሕዝብ ስታስመዘግብ የራሷን ስም ረሳች።

እዚህ ላይ ነው እኔ የማፍርበት ነገር የመጣው። «አይዞሽ» አልኳት። «የሰፈርሽ ጣቢያ መዝጋቢ ጎረቤቴ ነው። አንድ መስመር ነገር ነው። ማን ያውቃል?»

«አብቲን በሃያ ደቂቃ መለስኩት» አለች። «እኔ ስንት ደቂቃ ልዘገይ ነው?»

ከዚያ በኋላ መንገዱ ረዘመብኝ።

ቤተዘመዱ አኮረፈ። በአንድ ሠርግ ላይ ከአክስቶቿ ጋር ስትቀመጥ አጠገቧ ያለው ቦታ ባዶውን መዋሉን ከባለቤቴ ሰማሁ። አቶ ሮብሌ ጅግጅጋ ሲመጡ እሷ ቤት ማረፍ ትተው በሯ ላይ እንኳ የማይቆሙ ሆኑ። «ሹመት አሳበጣት» ተባለ። እሷ ግን መልስ አልሰጠችም፤ ደብዳቤ ጻፈች። አርብቶ አደር ውሃ ተከትሎ ሲሄድ መዝገቡም ተከትሎት ይሂድ፣ የምዝገባ ጣቢያ ቢርካ አጠገብ ይቋቋም የሚል ደብዳቤ ነው። ቢርካ የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት የሲሚንቶ ጉድጓድ ነው፤ ሀርሺን ያለሱ አይኖርም። መልስ ሲዘገይ ሌላ ጻፈች። ያም ሲዘገይ ሌላ። ግልባጮቹን የማስቀምጠው እኔ ስለሆንኩ፣ ማኅደሩ ሲወፍር ያየሁት እኔ ነኝ።

የድምፅ መስጫው ቀን ደረሰ። የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛችን፣ ያለ ከረባት ሻሂ የማይጠጣ ሰው፣ ጋዜጠኞችን ሰብስቦ መጣ። ኃላፊዋ ድምፅ ስትሰጥ ሊቀረጽ ነው። ነገሩን ስነግረው ፊቱ ገረጣ። ወዲያው ግን መላ አገኘ።

«ጣትሽን ቀለሙ ላይ ብቻ ንኪ» አላት። «ኮሮጆው አጠገብ ቆመሽ ፎቶ እናነሳለን። ወረቀት አትከቺም። ምንም ውሸት የለውም።»

«ጣቴ ይዋሻል እኮ» አለችና ወደ ጋዜጠኞቹ ወጣች።

የመጀመሪያው ጥያቄ እንደተፈራው ነበር። «ዛሬ ድምፅዎን ሰጡ?»

«አልሰጠሁም። በጊዜው አልተመዘገብኩም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ሌላ ማብራሪያ አልጨመረችም። ሥራ በዝቶብኝ አላለችም፣ ስለ እናንተ ስሮጥ አላለችም። እኔ ከኋላዋ ቆሜ፣ ንገሪያቸው እንጂ እያልኩ በሆዴ እጮሃለሁ። እኩለ ቀን ሳይሆን ወሬው በሬዲዮ ወጣ። ከተማው ሳቀ። ሻሂ ቤት ውስጥ አንዱ «ምግብ አብስላ ጾሟን የዋለች» ሲል፣ ሌላው «ሞኝ ናት» አለ፤ ሦስተኛው ግን ብርጭቆውን አስቀምጦ፣ «ለራሷ ያላራዘመችውን ሰዓት ለማን ታራዝማለች?» ሲል ሰማሁት። እሱ ላይ ክርክሩ ቆመ።

ከሰዓት በኋላ ስልኳ ጮኸ። ስሙን ስታይ ተነስታ ቆመች። አቶ ሮብሌ ናቸው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ደውለው አያውቁም።

«ሬዲዮው ያለው እውነት ነው?»

«እውነት ነው፣ አብቲ።»

«የኔን ስም የመለስሽ ዕለት የራስሽም አልተጻፈም ነበር?»

«አልተጻፈም።»

ከዚያ የሳቃቸው ድምፅ እኔ የተቀመጥኩበት ድረስ ተሰማ። በማግስቱ በሀርሺን መኪና አንድ ጀሪካን የግመል ወተት ተላከላት። ለእኔም ደረሰኝ፤ በምን ሥራዬ እንደሆነ ግን አልጠየቅኩም።

እነሆ ዘንድሮ ሌላ ምዝገባ መጣ። በሀርሺን በኩል ያለው አንዱ ጣቢያ በእርግጥም ቢርካ አጠገብ ተቋቋመ። መዝጋቢዎቹን ሂቦ ራሷ ነች ያሠለጠነቻቸው። ምዝገባው ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው አብረን ማኅደር ስናስተካክል ስልኳ ጮኸ፤ አቶ ሮብሌ። እጇ በወረቀት ስለተያዘ የስልኩን ድምፅ ማጉያ ከፈተችው።

«ሂቦይ! ዘንድሮ አንድ ቀን ቀድሜ መጣሁ። መዝገቡም አለ፣ ሰዎቹም አሉ፣ እስክሪብቶውም አለ። 'የሚከፈተው ነገ ጠዋት ነው' ብለው መለሱኝ!»

ሂቦ ሳቋን በመዳፏ አፈነች። «አብቲ፣ ትክክል ናቸው እኮ።»

«ትክክል መሆናቸውንማ አውቃለሁ» አሉ ሽማግሌው። «ያናደደኝም እሱ ነው።»