በሚካኤል ቀን የማያርፉት

በበዓል ቀን፣ የራሱን ዕረፍት ትቶ የሌላውን ማሳ የሚሰልል ጎረቤት አላጋጠማችሁም? የእኛ የዳንግላው አያ ተገኘ እንዲያ ነበሩ፤ ማረሻ የነካ ሰው ካዩ «በረዶ ሊያስወርድብን ነው!» ብለው አገር ይጠራሉ።

አንድ የሚካኤል ዕለት፣ ጉም ሜዳውን አልብሶት፣ ከበሬያቸው አጠገብ ሣር ላይ ተጋድመን እንቅልፍ እንቅልፍ ሲለን፣ እኔ የሳይንስ አስተማሪው ስለ ራይቦዞም አጫወትኳቸው። በሰውም በከብትም ሰውነት በየሕዋሱ ውስጥ ፕሮቲን የሚሠሩ፣ ዓይን የማያያቸው ሠራተኞች ናቸው አልኳቸው።

«በሚካኤልም ይሠራሉ?» አሉኝ ቀና ብለው።

«እነሱ ካረፉማ እርስዎም በሬዎም አትኖሩም።»

ጉሙ ሲገለጥ፣ ማዶ አንዲት ባልቴት ድንቿን ትኮተኩታለች። አያ ተገኘ አዩዋት፤ ግን አልጮኹም። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አሳርፈው ወደ ውስጣቸው አንሾካሾኩ፦

«ቀስ ብላችሁ ሥሩ፤ ቄሱ እንዳይሰሙ።»