ችካልን የት ልመድበው?

በየሰፈሩ፣ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየዘመድ ቤቱ አንድ ችካል አይጠፋም። ሰልፍ ጥሶ የገባን ሰው ትከሻውን መታ መታ አድርጎ "ወንድሜ፣ የሰልፉ ጫፍ ወዲያ ነው" የሚል፣ ሰርግ ላይ ምክሩ ለረዘመበት ሽማግሌ እጁን ዘርግቶ ሰዓቱን የሚያሳይ ሰው ነው። ጎረቤት ሲሆን ያስቸግራል፤ አማች ሲሆን ያሳቅቃል። የእግር ኳስ ዳኛ የሆነ እንደሆነ ግን መከራው ሁሉ ተጠቅልሎ መዳቢው ጫንቃ ላይ ይወድቃል።

መዳቢው የትኛው ዳኛ የትኛውን ጨዋታ እንደሚመራ የሚወስን ሰው ነው። ቢሮው ከስታዲየሙ ደረጃዎች ሥር ናት፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ስልክና ስትዞር የምታቃስት አንዲት ማራገቢያ። ከሰው ተጣልቶ የማያውቅ፣ አለመጣላትንም እንደ ሙያ የያዘ፣ ሆደ ሰፊ ሰው ነው። ክቡር ዳኛ ችካል ባይኖሩበት ኑሮው ምንም አይወጣለትም ነበር።

ክቡርነታቸው በሥራ ቀን መድኃኒት ቤት ይሠራሉ። ያለ ሐኪም ማዘዣ ለገዛ አማታቸው እንኳ አንዲት ፍሬ አይሸጡም። "እማማ፣ ሕጉን እኔ አልጻፍኩትም" ብለው በባዶ እጅ የሸኟቸው ዕለት አማትየዋ "ልጄን ለሰው የዳርኩ መስሎኝ" አሉ ይባላል። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ችካል ያንኑ ፊታቸውን ይዘው ሜዳ ይገባሉ።

ችግሩ የጀመረው የሲሚንቶ ነጋዴው ክለብ በሜዳው ሲጫወት ነው። ከተማው የሚሳሳለት አምበል ተጋጣሚውን በክርኑ አገጩ ላይ ሲለው፣ ክቡርነታቸው ሳያመነቱ ቀዩን ካርድ መዘዙ። ሰኞ ጠዋት የመዳቢው ስልክ ጮኸ።

"ወንድሜ፣ ቀዩ ልክ ነው" አለ የክለቡ ፕሬዚዳንት የሆነው ሲሚንቶ ነጋዴ። "ልክነቱን ማን ካደ? ብቻ ያ ሰውዬ ደጃችን እንዳይደርስ።"

በሳምንቱ ደግሞ የዳቦ ቤቱ ባለቤት ደወለ። እሱ የሌላው ክለብ ፕሬዚዳንት ነው፤ የእሱም በረኛ በችካል እጅ ተባሯል።

"ልክስ ልክ ነው" አለ እሱም። "ግን ልክ የሆነ ነገር ሁሉ ይደረጋል እንዴ?"

መዳቢው ሁለቱንም ማስቀየም አልሆነለትም። ችካልን አስጠርቶ "እስቲ ሁለተኛ ዲቪዚዮንን ያዝልኝ፤ ለጊዜው ነው" አላቸው። ክቡርነታቸው እሺ ብለው ሄዱ፤ እዚያም አሰልጣኝ አባረሩ። ወደ መሥሪያ ቤቶች ውድድር ወረዱ። አንድ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆዳቸውን ይዘው ተቀይረው ገቡና ኳሷን ትተው የባላጋራቸውን ቁርጭምጭሚት አገኙ፤ በሠራተኞቻቸው ፊት ቀይ ካርድ ተሰጥቷቸው ወጡ። ሠራተኞቹ በጣም ያዘኑ ለመምሰል አንገታቸውን ደፍተው ነበር፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ስልኩም እንደገና ጮኸ።

የቀረው የጤና ቡድኖች ውድድር ብቻ ነው፤ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ሰዎች ቅዳሜ ጠዋት ቦርጭ ለማጥፋት የሚሯሯጡበት። "እዚያስ ማን ይባረራል?" ብሎ መዳቢው እፎይ አለ። የተባረረው የሚስቱ ታላቅ ወንድም ነበር፤ የመስመር ዳኛውን በእናቱ ሰድቦ።

የዚያን ዕለት ሚስቱ ምሳውን አቅርባ ፊቷን አዞረችበት።

"ወንድሜን በጓደኞቹ ፊት የሚያዋርድ ሰው አጥተህ ነው እሱን የላክኸው?"

"ተሳድቧል እኮ።"

"ስድብማ ድሮም ይሳደባል። እኛ አባረርነው?"

መዳቢው ሳህኑን ወደ ራሱ ስቦ ጎረሰ።

እንዲህ እንዲህ እያለ የውድድሩ ዘመን አለቀ። በመጨረሻው ቀን የሚጋጠሙት የሲሚንቶ ነጋዴውና የዳቦ ቤቱ ባለቤት ክለቦች ሆኑ፤ የተሸነፈው ወደ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ይወርዳል። ሁለቱ ፕሬዚዳንቶች መዳቢው ቢሮ ተቀምጠው የቀረበላቸውን ዳኛ ሁሉ ጣሉ። አንዱ የእነዚያ አሰልጣኝ ሚዜ ነው፤ አንዱ ቤቱን የሠራው በእነዚህ ሲሚንቶ ነው፤ አንዱ ደግሞ አምና ለእነዚያ ፈገግ ብሏል። መዳቢው ታከተው። ከመታከቱ የተነሣ "እንግዲህ የቀረን ችካል ነው" አለ።

ሁለቱ ፕሬዚዳንቶች ተያዩ።

"እሱማ እኛን አይወደንም" አለ ሲሚንቶ ነጋዴው።

"እኛንስ መች ወደደን" አለ የዳቦ ቤቱ ባለቤት።

"እኩል ነው የማይወደን?"

የዳቦ ቤቱ ባለቤት ጥቂት አሰበበት። "እኩል ነው።"

ተጨባብጠው ወጡ።

የጨዋታው ቀን መዳቢው በሁለቱ ፕሬዚዳንቶች መሃል ተቀመጠ። ሜዳው ላይ ግን ሌላ ዓለም ነበር፤ ተጫዋቾቹ ሲነካኩ "ይቅርታ" ይባባላሉ፤ የወደቀውን የጣለው ያነሣዋል። ግብ ሳይቆጠር ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ የሲሚንቶ ነጋዴው ክለብ ተከላካይ ብቻውን ወደ ግብ የሚገሰግስን አጥቂ ከኋላ ጎትቶ ጣለው። ከዚያም ማንንም ሳይጠይቅ ወደ መልበሻ ክፍል መንገድ ጀመረ።

"ና፣ ተመለስ" አሉት ክቡርነታቸው። "ሳላሳይህ የት ትሄዳለህ?"

ልጁ ተመልሶ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ቀዩን አየና ሄደ። ከቅጣት ምቱ ግብ ተቆጠረ፤ የሲሚንቶ ነጋዴው ክለብ ወረደ። መዳቢው የወንበሩን ክንድ ጨብጦ ጩኸቱን ጠበቀ። ሲሚንቶ ነጋዴው ተነሣ፣ ኮቱን አራገፈ፣ "ምን ይደረጋል፣ ጎትቶታል" አለና የዳቦ ቤቱን ባለቤት ጨበጠው።

ሰኞ ጠዋት የሚደውል ጠፋ። ክቡርነታቸው እንደ ልማዳቸው ምድባቸውን ሊጠይቁ ብቅ አሉ።

"ወደ አንደኛ ዲቪዚዮን ተመልሰሃል" አላቸው መዳቢው። "ደስ ይበልህ።"

ችካል ግን ቅር ያላቸው መሰሉ። "የጤና ቡድኖቹንስ ማን ሊይዝልዎት ነው፣ ጋሼ? የባለቤትዎ ወንድም ስድብ ሊተው ትንሽ ነው የቀረው።" ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። "ደግሞ... አስቸጋሪ ሜዳ በተገኘ ቁጥር ሌላውን ሁሉ ትተው የሚልኩት እኔን ነው። ባለቤቴን 'ሰውየው ይተማመንብኛል' እላታለሁ። አመሰግናለሁ ልልዎት አስብና ለአፌ ይከብደኛል።"

መዳቢው የውድድር ዘመኑን ሙሉ ሲቀጣቸው የከረመውን ሰው ትክ ብሎ አያቸው። "ቁጭ በል፣ ሻይ እናስመጣ" አለ።

ሻዩ ሳይመጣ ስልኩ ጮኸ። የጎረቤት ከተማው መዳቢ ነበር።

"ያንን ሰውዬህን ሰማን" አለ። "እኛ ጋ ክለቦቹ ተናንቀዋል። ለአንድ ዓመት ብታውሰንስ?"

መዳቢው ይህን ስልክ ስንት ሰኞ ሲመኘው ኖሯል። ክቡርነታቸው ፊት ለፊቱ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ የሰው ስልክ ላለመስማት ግድግዳውን እያዩ ተቀምጠዋል።

"አይመችም" አለ መዳቢው። "ቅዳሜ የጤና ቡድኖች አሉበት።"