ፈታሔ ቃላት አማቱን ከደረጃው ወደ ቤት ያስገባበት ዘመቻ

በዘመነ ኩርፊያ፥ እመቤት አማት በኩርፊያቸው በነገሡ በሦስተኛው ዓመት፥ በወርኃ ዝናም፥ ጀግናው ፈታሔ ቃላት ተነሣ። እርሱም በፍርድ ቤት ደጅ ተቀምጦ ለባለጉዳይ ሁሉ የሕግን ቃል በቀላል አነጋገር የሚተረጉም፥ ለተከሳሽ መጥሪያን፥ ለዋስ ግዴታን የሚያስረዳ፥ ምላሱ የማይደክም፥ የአማቱ ፊት ግን የሚያርበደብደው ሰው ነበረ።

የኩርፊያውም ምክንያት ይህ ነው። የአማቱን ሟች ባል ወንበር፥ ሳያስፈቅድ፥ ላሳድሰው ብሎ ለአናጢ ሰጠ፤ አናጢውም እግሩን ላስተካክል ሲል ቆርጦ ቆርጦ በርጩማ አድርጎ መለሰው። ከዚያ ወዲህ እመቤት አማት በየቀኑ ይመጣሉ፥ ከደጁ ደረጃ ግን አያልፉም። አሁን ልጃቸው ወልዳ ተኝታለች፤ እርሳቸውም የታጠበ ጨርቅ በመስኮት ያቀብሏታል እንጂ ሕፃኑን አላቀፉም። ፈታሔ ቃላት የሚስቱን እንባ አየ።

ስለዚህ ሠራዊቱን አስከትሎ ወጣ፤ በቀኙ ጃንጥላ ያዡ ጎረቤት ሾፌር፥ በግራው፥ እጇን ገና የሳሙና አረፋ ያልለቀቀው የሚስቱ እህት፥ በኋላው ማንም ያልጠራት የአከራይዋ ድመት። እንዲህም ሲል አዋጅ ነገረ፦

«ስማ፥ ተሰማማ። ይርጋ ማለት፥ ቅሬታውን ይዞ ዓመታት ዝም ላለ ሰው ችሎት በሩን ይዘጋበታል ማለት ነው። የወንበሩ ነገር በይርጋ ታግዷልና ይግቡ።»

እመቤት አማት ግን ማታ ማታ ለጎረቤት የሚያስረዳውን ሁሉ በመስኮት ሲሰሙ ኖረዋልና፥ ከተቀመጡበት ሳይነሡ አወጁ፦

«እኔ መች ዝም አልኩ? በየቀኑ እዚሁ ተቀምጬ ስከስህ ነው የኖርኩት። ይርጋው ተቋርጧል።»

ያን ጊዜ ሠራዊቱ ተፈታ፤ ሾፌሩም ከነጃንጥላው ወደ እመቤት አማት ተሻገረ። ለጀግናውም፥ ለሰው ሁሉ ሲያስረዳው ኖሮ ለራሱ ያልተጠቀመበት አንድ ቃል ቀረው። በዝናሙ ውስጥ ቆሞ አወጀ፦

«ጥፋትን ማመን ማለት፥ ያለ ሰበብና ያለ አናጢ፥ ያጠፋሁት እኔ ነኝ ማለት ነው። ሳልጠይቅዎ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ይማሩኝ፥ እናቴ።»

እመቤት አማትም ቀሚሳቸውን አራግፈው ተነሡ፤ ፈረዱም፦

«ጥፋተኛ ነህ። ቅጣትህን ግን በገደብ አድርጌዋለሁ። ገደብ ማለት ቅጣቱ አልቀረልህም፥ ጠባይህን እያየ ይጠብቅሃል ማለት ነው። በል በርጩማውን አምጣ።»

ገብተውም በበርጩማዋ ላይ ተቀምጠው ሕፃኑን ታቀፉ፤ ቁመቷም ሕፃን ለማቀፍ ልክ ሆኖ ተገኘ፥ ይህን ግን ደፍሮ የተናገረ የለም።

ምስጋና ይድረስ ለፈታሔ ቃላት፥ ለቋጠሮ ፈቺው፥ ዝናም ላልበገረው፥ ለጥፋተኞች ሁሉ አለቃ። ዘመኑም ከዚያች ቀን ጀምሮ ዘመነ ገደብ ተባለ፤ ጀግናውም እስከ ዛሬ መቀመጫ የሚያነሣው አስፈቅዶ ነው።