ተራራ ላይ የሚረዝም ጸሎት

ምግብ ፊት ቀርቦ ጸሎት የሚያስረዝም ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ እንዲህ ያለውን ሰው ተራራ ድረስ ተከትዬዋለሁ።

ከደሴ የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ጋር ተራራ ላይ ወዳለ ፓርክ ልናድር ሄድን። ድንኳን ተክለን፣ ጥድ የሞላበትን ዳገት ግማሽ ቀን ወጥተን፣ እንደ ጅብ ርቦን ሳለ ለምሳ ድፎ ዳቦ ቀረበ። ወንድም ተስፋዬ ዓይናችንን አስጨፍኖ ስለ ዳገቱ፣ ስለ ጥዱ፣ ስለ መጣንበት ሚኒባስ ጎማ ሳይቀር አመሰገነ። በመጨረሻ «የተራቡትን ሁሉ አጥግብ!» ሲል «አሜን» ብለን ዓይናችንን ገለጥን። ድፎው የለም፤ ዝንጀሮዎች ጥዱ ሥር ተቀምጠው ይበሉታል።

«ጸሎትህስ ተሰምቷል ልጄ» አሉት እትዬ አልማዝ።

ሁሉም «ምነው አንድ ሰው እንኳ ባየ!» እያለ ተቆጨ። እኔማ ገና ሲመጡ አይቻቸዋለሁ። ታዲያ ምን ልበል? ዓይኔን ሳልጨፍን እንደምጸልይ ይወቁብኝ?